ሕፃኑን ማን ይያዘው

እጅጌው ሁለት ጊዜ ታጥፎም የሕፃኑን ጣቶች ዋጣቸው። ቀጮ ለትንሹ ወንድሟ ሦስተኛ ጊዜ አጠፈችለት። ነጩ የክርስትና ልብስ ከእግሩ አልፎ በአክስቷ ክንድ ላይ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። የካቶሊኩ ቄስ ጸሎታቸውን ጨርሰው ወደ ውሃው ጠጋ ሲሉ አክስቷ ጎንበስ ብላ፣

«አባትሽ ይህን የሰፋው ለክርስትናው ነው ወይስ ለሰርጉ?» አለቻት በሹክሹክታ።

ቀጮ አልሳቀችም። ቀልዱ የሚያስቅ መሆኑ ግን ገብቷታል።

ውሃው ግንባሩን ሲነካው ሕፃኑ ጮኸ። ከኋላ የተቀመጡት እንግዶች ደስ ብሏቸው ሳቁ፤ «ድምፁን አያችሁ!» ተባባሉ። ቀጮ ሻማ ይዛ ቆማ ነበር። ሰሙ አውራ ጣቷ ላይ ተንጠባጠበ። ትኩስ መሆኑን ያወቀችው ቆዳዋ ቀልቶ ስታየው ነው። ሰሞኑን ሁሉ ነገር እንዲህ ሆኖባታል። ጥርስ ሐኪም መርፌ ከወጋ በኋላ ከንፈር እንደሚሆነው፤ ቦታው ላይ አለ፣ ይንቀሳቀሳል፣ ግን የራስ አይመስልም።

ሕፃኑ አራት ወሩ ነው። እናቷ ከሞተችም አራት ወር ነው። ልትወልድ ሆስፒታል ሄደች፤ በሦስተኛው ቀን አባቷ የእሷን ቦርሳ አንጠልጥሎ ያለ እሷ በሩን ከፈተ። ሕፃኑን ታቅፋ ከኋላው የገባችው ጎረቤታቸው ፀጉር ሰሪዋ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡጦ የምትቀቅለው፣ ወተት የምትለካው፣ ዳይፐር የምትቀይረው ቀጮ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት የምትሄደው ሰኞና ሐሙስ ብቻ ሆኗል፤ በእነዚያ ቀናት የፀጉር ቤቱ ገበያ ቀዝቀዝ ስለሚል ጎረቤቷ ሕፃኑን ትይዝላታለች። ሰው ሁሉ «ጠንካራ ልጅ!» ይላታል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ፎቶ አንሺው እጁን እያወናጨፈ ሰዉን ደረደረ።

«አሁን አባት! አባት ልጁን ታቅፎ መሃል ይግባ!»

አባቷ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። «እኔ ይቅርብኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል። እንዳላስይዘው» አለና ሳል ጣል አደረገበት።

ቀጮ ጉንፋን እንደሌለበት ታውቃለች። ባለፈው ወር ወገቡን አሞት ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ጣቱን መርፌ ወግቶት ነበር። እጇን ዘርግታ ሕፃኑን ከአክስቷ ተቀበለች።

«ፈገግ በይ እንጂ የኔ እህት! ዛሬ እኮ ደስታ ነው!» አላት ፎቶ አንሺው።

ጥርሷን አሳየችው።

የቤታቸው የፊተኛው ክፍል የአባቷ ልብስ መስፊያ ነው። የስፌት መኪናዎቹ ወደ ጥግ ተገፍተው፣ ጨርቅ የሚቆረጥበት ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ኬክ፣ ሩዝና ለስላሳ ተደርድሯል። የሚገባው ሰው ሁሉ በሩ ላይ ይደናቀፋል፤ በደፉ ሳይሆን በቃሉ። «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለው ይጀምሩና ግድግዳው ላይ የእናቷን ፎቶ ሲያዩ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ይጨርሳሉ። አንድ ሽማግሌ ሁለቱ ተቀላቅለውባቸው «እንኳን አጸናችሁ» አሉ። ማንም አላረማቸውም።

ፀጉር ሰሪዋ ሕፃኑን ከቀጮ ላይ ወሰደችው። «ና አለቃ! ዛሬማ ለብሰህ፣ አላወቅኸንም!» ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «ሌሊት ያስተኛሃል ይሄ አለቃ?»

«እ… ደህና ነው» አለ አባቷ፤ ዓይኑ ወደ ቀጮ ሄደ።

«ሁለቴ ይነቃል» አለች ቀጮ።

«ወተቱስ ተስማማው?»

«ደህና…» አሁንም ዓይኑ ወደ ቀጮ።

«አዲሱ ተስማምቶታል። የበፊቱ ያስመልሰው ነበር።»

«አይ አንቺ ልጅ! እናት ሆንሽለት እኮ!» አለች ፀጉር ሰሪዋ። አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ቀጮ የቆሸሹትን ሳህኖች ሰብስባ ወጣች።

በረንዳው ላይ ሬዲዮ ደብተር በፌስታል ይዛ ስትመጣ አገኘቻት። ሬዲዮ የክፍሏ ልጅ ናት፤ ስሙ የወጣላት አንዴ ከተከፈተች ስለማትዘጋ ነው።

«ስሚ፣ ነገ ሳይንስ ነው፣ ያውም ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ! ከዚያ ሂሳብ፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ ፈተና። መምህራችን ለይቶለታል። ‹ቀጮ አንዱ ፈተና ካመለጣት ክፍሉን ትደግማለች› አለ፣ በሁላችንም ፊት! ማስታወሻዬን አምጥቼልሻለሁ፤ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ ግን ይነበባል። አንቺ ግን ደህና ነሽ? ኬኩ የምንድን ነው?»

ቀጮ ለየትኛው እንደምትመልስ አሰበች። «የቸኮሌት» አለች።

ሬዲዮ ወደ ኬኩ ስትሄድ አክስቷ ቀጮን ወደ ማድ ቤት ጠራቻትና በሩን ዘጋችው። አክስቷ የእናቷ ታላቅ እህት ናት። በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ዳቦ ቤት አላት፤ ለክርስትና እናትነት የመጣችው ትናንት ነው።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለቻት፣ እጇን ይዛ። «ነገ ጠዋት ስመለስ ሕፃኑን ይዤው ልሂድ። የኔዎቹ አድገው ወጥተዋል፣ ቤቱ ባዶ ነው። አልጋም አዘጋጅቼለታለሁ። አንቺም እንደ እኩዮችሽ ትምህርትሽን ትማሪያለሽ።»

«አባዬ ምን አለ?»

«ጠየቅሁት። ‹ቀጮ ያለችው ይሁን› አለኝ።»

«እኔ ያልኩት?»

«አንቺ ያልሽው። ሰው ሳይበተን ንገሪኝ፤ ልብሱን ላሰናዳ።»

አክስቷ ደግ ሴት ናት። ሕፃኑ እሷ ዘንድ ቢያድግ ይሞቀዋል፣ ይጠግባል። ቀጮ ይህን ታውቃለች። ክፍሏን ያለ ሕፃኑ አልጋ ለማሰብ ሞከረች። ምንም። አልጋውን ወደ ቦታው መልሳ አሰበችው። አሁንም ምንም። «ውሰጂው» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ በጣም ቀላል ነበር፤ «ጨው አቀብዪኝ» እንደ ማለት። የቅለቱ ነገር ነው ያስቆማት። ሰው ወንድሙን እንዲህ በቀላሉ ይሰጣል እንዴ?

«ቆይ አክስቴ፣ መጣሁ» አለችና ወጣች።

ሕፃኑ መነጫነጭ ጀምሮ ነበር። ከፀጉር ሰሪዋ ተቀበለችው፣ የሞላ ጡጦ አነሳች፣ በጓሮው በር ወጣች። አባቷ ጓሮ ነው። የተከራዩትን የፕላስቲክ ወንበሮች አንድ በአንድ በጨርቅ ይወለውላል። ወንበሮቹ ንጹሕ ነበሩ።

«አባዬ።»

«ግቢ፣ ብርድ እንዳይመታው።»

«ጉንፋን የለብህም።»

አባቷ መወልወሉን አላቆመም።

«እጅጌውስ ለምን ረዘመ?»

«ያድግበታል ብዬ ነው።»

«አንተ እኮ ሰው በሩን ገና ሲገባ የወገቡን ቁጥር በዓይንህ ለክተህ የምትናገር ሰው ነህ» አለች ቀጮ። «እሱን ግን አይተኸው አታውቅም።»

አልተቆጣትም። ከወለወላቸው ወንበሮች አንዱን ስቦ ቁጭ አለ። ከቤት ውስጥ የሬዲዮ ሳቅ ይሰማል። ጨርቁን አራት ላይ አጠፈው፣ ፈታው፣ መልሶ አጠፈው።

«ሆስፒታል እሱን ሊሰጡኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ነርሷ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ‹ቆይ፣ መጀመሪያ እናቱን ልይ› ብዬ መለስኩት። እሷ ጋ ስገባ… አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልይዘው ባልኩ ቁጥር ያቺ ሰዓት ትመጣብኛለች። እጄ እምቢ ይለኛል።»

ቀጮ ሰማችው። ማልቀስ፣ ወይም ደግሞ አንገቱን ማቀፍ እንደሚገባት ታውቃለች። ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም። ስለዚህ ያላትን ነገረችው።

«አክስቴ የምትጠይቀው እኔን ነው። እኔ ደግሞ ብትወስደውም ባትወስደውም ምንም አይሰማኝም።»

«ምንም?»

«ምንም። እማዬ ከሞተች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አላለቀስኩም። ወተት እለካለሁ፣ ዳይፐር እቀይራለሁ፣ አለቀ። እንደ መኪና። እንዲህ የሆነ ሰው ደግሞ ይህን ያህል ነገር መወሰን የለበትም፣ አባዬ።»

አባቷ ቀና ብሎ አያት። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ትክ ብሎ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። ከዓይኗ ሥር የጠቆረውን አየ፤ ከአውራ ጣቷ ላይ የቀላውን ቆዳ አየ።

«እኔ እኮ… ጠንካራ ናት ብዬ…»

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው።»

ፈቃዱን አልጠየቀችም። ሕፃኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠችው። የአባቷ ትከሻ ጆሮው ድረስ ወጣ፤ እስከ አፉ የሞላ ባልዲ ያሸከሙት ይመስል ትንፋሹን ያዘ።

«አንገቱን በክንድህ ደግፈው። ትንሽ ከፍ አድርገው። አሁን ጡጦውን ዘቅዝቅ፣ አየር እንዳይውጥ።»

ሕፃኑ የማያውቀውን ፊት አየና ግንባሩን ቋጠረ። ሊያለቅስ ከንፈሩን ጣለ። ከዚያ ረሃቡ ባሰበትና ጡጦውን ግጥም አደረገው። እየጠባ አባቱን ዝም ብሎ ያየዋል። ግማሹን እንዳደረሰ አገሳና ወተቱን በአባቷ ብቸኛ ሱፍ ላይ ለቀቀው።

«ምን አደረግሁት?» አለ አባቷ ደንግጦ።

«ምንም። አመሉ ነው።»

አባቷ የተረፈውን ወተት በመወልወያው ጨርቅ ሊጠርግለት ሲል እጁን ያዘችው፤ ከኪሷ ንጹሕ ጨርቅ ሰጠችው። አገጩን እየፈራ ጠረገለት።

«ከብዷል» አለ።

«ሰባት ኪሎ ሊሞላ ነው።»

«ሰባት ኪሎ?» አለ፣ አንድ ሰው ሩቅ አገር ስላለ ዘመድ ወሬ የነገረው ይመስል።

የጓሮው በር ተከፈተ። አክስቷ የሕፃኑን ልብሶች የያዘ ቦርሳ አንጠልጥላ ወጣችና ባለችበት ቆመች። አባትና ልጁን አየች፣ ወተት የፈሰሰበትን ሱፍ አየች፣ ቀጮን አየች።

«እህስ፣ የኔ ልጅ?»

«አባዬን ጠይቂው» አለች ቀጮ።

«አይሄድም» አለ አባቷ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ግን አላውቅበትም። ምኑንም አላውቅበትም። ትንሽ ሰንብቺና አሳዪኝ።»

«የዳቦ ቤቴን ሊጥ ማን ሊያቦካልኝ ነው?»

«አውቃለሁ።»

አክስቷ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠችው። «አልጋውን ቀለም ቀብቼው ነበር» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። ከዚያ ሦስት ጣቶቿን አወጣች። «ሦስት ቀን። ሦስት ቀን አሳይሃለሁ። ካልሆነልህ ግን ሦስታችሁንም ጠቅልዬ ነው የምሄደው!»

ቀጮ ከጓሮው ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ በረንዳው ወጣች። ሬዲዮ ደረጃው ላይ ሁለተኛ ቁራሽ ኬክ ይዛ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቁጭ አለች። ክንዷ፣ ሕፃኑ የነበረበት ቦታ፣ በረዳት። የሚበርድ ነገር እንዳለ ማወቋ ራሱ ገረማት።

«ከየት እንጀምር?» አለች።

«ነገ ትመጫለሽ?»

«ነገም፣ ማክሰኞም፣ እስከ ዓርብ።»

ሬዲዮ ኬኩን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። ጣቷን ላሰችና ደብተሩን ገለጠች። «ምዕራፍ አንድ፣ የሥር ዓይነቶች። አንደኛው ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርደው…»

ከጓሮ በኩል ሕፃኑ አለቀሰ። ቀጮ ሳታስበው ተነሳች። ድምፁ ከፍ አለ፤ የእንቅልፍ ለቅሶው እንደሆነ ታውቃለች። ከሱ ጋር የአባቷ ድምፅ ይሰማል፣ ግራ የገባው፣ የሚለማመጥ።

«ሂጂ፣ እጠብቅሻለሁ» አለች ሬዲዮ።

ቀጮ በሩን አየች። ከዚያ ተመልሳ ቁጭ አለችና ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አስገባቻቸው።

«ቀጥዪ» አለች። «አንደኛው ወደ ታች የሚወርደው… ሁለተኛውስ?»