ያልገጠመው ቋጠሮ

«ገጠመ?» አሉ አያቷ፣ የብዕሩን ገላ እንጨት ከሚያሽከረክረው ቶርኖ ላይ አውርደው እየዘረጉላት።

ስንጥር ተቀብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። የቶርኖው ጩኸት ገና ከጆሮዋ አልወጣም፤ እንጨቱም ሙቅ ነው። ቡናማው ገላ ላይ ነጩ መስመር አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያለ፣ እንደ ተጎነጎነ ፀጉር ዙሪያውን ይዞታል። አንድ ቦታ ላይ ግን ሁለት መስመሮች ሊገናኙ ሲሉ ተላልፈዋል። የፀጉር ያህል ብትሆን ነው። ቢሆንም ተላልፈዋል።

«ገጠመ ወይ ልጄ?»

«ገጥሟል፣ አባባ።»

«ድሮስ» አሉና ሽርጣቸው ላይ የተከመረውን ፍቅፋቂ አራገፉ።

ስንጥር የሚለውን ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ቀጭን ናት፤ ደግሞ አንድ ነገር ውስጥ ከገባች በወረንጦ ካልሆነ አትወጣም ይሏታል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ጓሮ ወዳለችው የሥራ ክፍላቸው ነው የምትሮጠው። እዚያ የኮላና የተላገ እንጨት ሽታ አለ፤ እሳቸውም አሉ። ለእሷ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ የለም።

ጥለቱ የኬልቶች ቋጠሮ ይባላል። ሩቅ አገር የነበሩ የጥንት ሰዎች ይወዱት የነበረ፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ሐረግ ነው። አያቷ በወጣትነታቸው በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሥዕል ላይ አይተውት ከልባቸው አልወጣም። አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። አራት ማዕዘን የሆነውን እንጨት በአንዱ ጎኑ ሰያፍ አድርጎ በመጋዝ መቁረጥ፣ ግን ጨርሶ አለመበጠስ፤ በተቆረጠው ውስጥ ስስ ነጭ እንጨት በኮላ መክተት፤ ሲደርቅ ወደሚቀጥለው ጎን ማዞር። አራቱም ጎን እንደዚያ ነው። እስከዚህ ድረስ የሕፃን ጭረት ይመስላል። ቶርኖው ላይ ወጥቶ ማዕዘኑ ተልጎ ክብ ሲሆን ግን ጭረቱ ይጎብጥና ሐረግ ይሆናል። አራቱ ቁርጦች አንድ ቦታ ላይ ካላረፉ ሐረጉ ይሳሳታል፤ መሳሳቱ ደግሞ የሚታየው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ደንበኛ በመጣ ቁጥር አያቷ የሚደግሟት ነገር ነበረች። «ቋጠሮዬ ያልገጠመ ዕለት ቶርኖውን ነቅዬ ፀሐይ እሞቃለሁ።» ሰው ይስቃል። ስንጥር አትስቅም፤ አያቷ ያሉትን እንደሚያደርጉ ታውቃለች። ሲጋራ አቆምኩ ብለው ያቆሙት በአንድ ጠዋት ነው።

ታዲያ ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ቋጠሮው አንዳንዴ መሳት ሲጀምር ምን ትበል? እጃቸው እንደ ድሮው ነው፤ የደከመው ዓይናቸው ነው። በብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰ በኋላ ደግሞ ጥፍርም አይለየውም። ስለዚህ የሚጠይቁት እሷን ነው። መጀመሪያ ቀን «ገጥሟል» ያለችው ሳታስበው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አስባበት ነው የዋሸችው።

ይሄኛው ብዕር የጡረታ ስጦታ ነው። ጡረታ የሚወጡትን የእነስንጥርን የሒሳብ አስተማሪ፣ ከኋላ ወንበር የተደበቀች ብጣሽ ወረቀት ስለሚያዩ ተማሪዎቹ ማይክሮስኮፕ ይሏቸዋል። ባለፈው ዓመት እያስተማሩ ሳለ ወንበራቸው ተሰብሮ ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ከዚያው ሆነው የሒሳቡን ጥያቄ ሠርተው ጨርሰውታል። ክፍሉ የዚያን ወንበር እግር ደብቆ አቆየና ለስንጥር አያት ላከ። እግሩ ለሁለት ብዕር ይበቃል።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ብዕሩን ለጓደኛዋ አሳየቻት። ጓደኛዋን ራዲዮ ነው የሚሏት፤ ለምን እንደሆነ አብሯት አምስት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው አይጠይቅም።

«አቦ ሲያምር» አለች ራዲዮ ብዕሩን እያሽከረከረች። ከዚያ ጣቷ ቆመ። «እዚች ጋ ግን ስታለች።»

«የት?»

«አታካብጂ፤ አይተሻታል። አይደብርሽ፣ አያትሽ የሠሩለት የአጎቴም ብዕር እንደዚሁ ነው። ‹ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል፤ እንዳትነግሯቸው› ብሎናል። ጎረቤታችንም አንድ ገዝቷል፤ እሱም ያውቃል። ሰው እኮ አያትሽን ይወዳቸዋል። ማንም ትንፍሽ አይልም።»

ራዲዮ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች። ስንጥር አልሰማቻትም። ምስጢሩን ከሰፈሩ ሁሉ የደበቀች መስሏት ነበር። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቁት አያቷ ብቻ ናቸው። ሰው ብዕራቸውን እያደነቀ ሲቀበላቸው፣ እሳቸውም ደረታቸውን ነፋ አድርገው ሲሸኙ ታያት።

ቤት ስትደርስ አያቷ መሮ እየሳሉ ነበር።

«አባባ፣ አልገጠመም።»

«ምኑ?»

«የአስተማሪዬ እስክሪብቶ።»

«ብዕር በይ፤ እስክሪብቶ ያለው ሱቅ ነው» አሉ ከልማድ። ከዚያ እጃቸው ቀጥ አለ። «በየት በኩል?»

አመልካች ጣታቸውን ይዛ ቦታው ላይ አሳረፈችው። «እዚህ ጋ። የፀጉር ያህል።»

«ትናንት ገጥሟል አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«ሌላስ አለ?»

የለም ማለት እንዴት ቀላል ነበር። «አለ» አለች። «ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ።»

አያቷ መነጽራቸውን አውልቀው በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ። ሽርጡ ብናኝ ስለሆነ ይብሱን አደበዘዘው። «እንጨት ሲዋሸኝ መላውን አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ዓይኔ ሲዋሸኝም አንቺ አለሽኝ ብዬ ነበር። አንቺም ከዋሸሽኝ በማን ልይ?»

«ቶርኖውን ይነቅላሉ ብዬ ነው» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

«እነቅላለሁ እንጂ።»

ነቀሉት። የኤሌክትሪክ ገመዱን ክርናቸው ላይ ጠቅልለው ምስማሩ ላይ ሰቀሉት። አልተቆጡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። «ግቢ፣ እናትሽ ትጠራሻለች» ብለው መብራቱን አጠፉ።

ቅዳሜ ጠዋት እንዳሉትም ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ሲሞቁ ከተባለ። ግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን የሚያሳርፉበት አጥተዋል፤ በአውራ ጣታቸው የወንበሩን ጠርዝ ያሻሉ፣ ሻካራ ቦታ ሲያገኙ ይመለሱበታል። ስንጥር የተረፈውን የወንበር እግርና እርሳስ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። በአራቱም ጎን ቁጥር ጻፈችበት።

«አባባ፣ እንጨቱ መጋዙ ሥር ሲገባ የሚያቆመውን ድጋፍ በምንድን ነው የሚያስተካክሉት?»

«በእርሳስ ምልክት ነዋ። ምልክቱን አይና…» ወንበሩን ማሸት ተዉ። «እሱን ነው ያላየሁት።»

«እኔ ልየው።»

«ቃል ተናግሬያለሁ። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።»

«እኔን አልወለዱኝም። የወለዱት እማዬን ነው።»

«ሰምቻለሁ» አለች እናቷ በወጥ ቤቱ መስኮት።

የአያቷ ትከሻ ተነቃነቀ። ሳቃቸውን ሊደብቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ አልተሳካላቸውም። ስንጥር ያኔ ተነሥታ ገባች፣ ገመዱን ከምስማሩ አወረደችና ሰካችው።

«የነቀሉት እርስዎ ነዎት፤ ቃልዎን አላጠፉም» አለች በሩ ላይ ቆማ። «የሰካሁት እኔ ነኝ። ምልክቱን እኔ አያለሁ፤ መጋዙን ግን እርስዎ ይያዙልኝ። ብቻዬን ከሆንኩ ጣቴን ነው የምቆርጠው። ደግሞ ሁለተኛ አልዋሽዎትም።»

አያቷ ለረጅም ጊዜ ፀሐዩን ሞቁ። ከዚያ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡ። «ሽርጤን አቀብይኝ» አሉ።

በየቀኑ ከትምህርት መልስ አንድ ጎን ሠሩ። ኮላው እስኪደርቅ ደግሞ ተጨቃጨቁ። «አየሽ?» ይላሉ መጋዙ ከመነሣቱ በፊት። «ቆይ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ትላለች። እሳቸውን ቆይ ብላ ስለማታውቅ መጀመሪያ አፏ ላይ ከበዳት። እሳቸውም መታዘዝ ስላልለመዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኋላ ላይ ሁለቱም ለመዱት።

የመጨረሻው ቀን ቶርኖው ጮኸ፣ ማዕዘኖቹ እየተላጉ በረሩ፣ ነጩ ሐረግ እየጎበጠ ወጣ። አያቷ አጥፍተው አወረዱት።

«ገጠመ?»

ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ቀስ ብላ ሙሉ ዙር አዞረችው። ሦስቱ ቦታ ልክ ከአንድ ግንድ እንደ በቀለ ነው። አራተኛው ላይ ስትደርስ መልሳ አየችው፤ የብርሃኑ ይሆናል ብላ አጋድማም አየችው። የብርሃኑ አይደለም። ከኋላዋ ትንፋሻቸው ይሰማታል፤ እንደ ተማሪ ውጤት ነው የሚጠብቁት።

«ሦስቱ ገጥመዋል» አለች። «አራተኛዋ ትንሽ ቀርታለች።»

«በምን ያህል?»

«ከፀጉር ታንሳለች። ግን ቀርታለች።»

ጣታቸውን ዘረጉ፤ ይዛ ቦታው ላይ አሳረፈችላቸው። ምንም እንደማይሰማቸው ሁለቱም ያውቃሉ። ቢሆንም እዚያው አቆዩት።

«ሌላ እንጨት የለም» አሉ።

«የለም።»

«እንግዲህ ያየሽው አንቺ ነሽ። ይሰጥ ወይስ ይቅር?»

ስንጥር ወለል ላይ ተቀምጠው ጥያቄውን የጨረሱትን አስተማሪዋን አሰበች። ብዕሩን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው እንደሚያዩት፣ ያችን ቦታ እንደማያልፏት አትጠራጠርም።

«ይሰጥ» አለች። «እኔው እሰጣቸዋለሁ። የቀረችውንም ቦታ እኔው አሳያቸዋለሁ።»

አያቷ ለስላሳውን ጨርቅ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ስንጥር መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ብዕሩን መወልወል ጀመረች፤ ያችንም ቦታ አልዘለለችም።