ሐውልት አትነቃነቅም

የሥዕል መምህሩ ሬሳ ተነስቶ ከሄደ በኋላም ክፍሉ የእሱ እንደሆነ ነበር። ግድግዳው ላይ በከሰል የጻፈው ትእዛዝ አሁንም «ላጲስ የለም!» እያለ ይጮሃል። ከትእዛዙ ሥር፣ በርጩማ ላይ፣ የእህቱ ልጅ ሁለት እጁን በካቴና ታስሮ ተቀምጧል።

ይህን ሰው በስሙ የሚጠራው የለም። አጎቱ «ድርቡ» ብሎ ካወጣለት ወዲህ ድርቡ ሆኖ ቀረ፤ አንዷን ክንድ ደጋግሞ ካልሣለ ደስ አይለውም፣ መስመር በመስመር ላይ ይደርባል። የዚያን ዕለት ጠዋትም አጎቱ በሰው ፊት አብጠለጠለው። «ዓይንህ የነገረህን ትሥላለህ፤ መልሰህ ደግሞ ዓይንህን ትጠራጠራለህ። እንዲህ ያለ ሰው ለሰዓሊነትም ለምስክርነትም አይበቃም!» ድርቡ ደሙ ፈላና፣ «ምነው ከአንተ የምገላገልበትን ቀን ባሳየኝ!» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቀኑ ሩቅ አልነበረም፤ ቀትር ላይ አጎቱ በጓሮው የብረት ደረጃ ግርጌ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ።

«ምኞትህ እንዲህ ቶሎ ይሰምራል እንዴ?» አለው ቦርጫሙ ፖሊስ። «እኔ እድገት ስመኝ ስንት ዘመኔ!»

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት አለበት፤ የፊት ለፊቱ በር ላይ ሌላ ፖሊስ ቆሟል። ከምድር ቤቱ የእንጨት ሥራ መጋዝ በጮኸ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ንቅጥቃጤው በካቴናው በኩል ወጥቶ የድርቡ ጥርስ ውስጥ ይገባል። እሱን የሚወስደው መኪና ከታች ቆሟል።

መርማሪዋ የገባችው በዚህ መሀል ነው። ቀጭን፣ አጭር ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ በጠባብ ገብታ ረጅም ክር ትስባለችና። ማንንም ሰላም ሳትል በመጋረጃው ጀርባ አልፋ ወደ ጓሮው በር ሄደች። መቀርቀሪያውን ሳበችው፤ እንደታረደ ነገር ሲጥ አለ። በሩን ስትለቀው ነፋስ ተቀብሎ ከግድግዳው ጋር አላተመው።

«መምህሩን ስትፈልጉት ይህ በር እንዴት ነበር?»

«ከውስጥ ተቀርቅሮ፤ ሁሉም እንዲህ ነው ያሉት፣» አለ ፖሊሱ። «የከፈተው ደግሞ ራሱ ድርቡ ነው። የት እንደሚፈልግ ያውቃላ!»

«ሞዴሏ ለረጅሙ አቋቋም ስትቆም አጎቴ ሁልጊዜ እዚያ ወጥቶ ያጨሳል፣» አለ ድርቡ። «ይህን የማያውቅ የለም።»

«እሺ፣» አለች መርፌ። «የወደቀ ሰው ተመልሶ መጥቶ በሩን አይቀረቅርም። ስለዚህ ተገፍቷል። የገፋው ሰው በሩ እየተላተመ እንዳያሳጣው ቀረቀረው፣ ከዚያም እናንተ መሀል ተመልሶ ተቀመጠ።»

እነዚያ «እናንተ» የተባሉት አራት ናቸው። ድርቡ አንድ። መሐረቡ ከሸሚዙ፣ ሸሚዙ ከጥርሱ የነጣው የጥርስ ሐኪሙ ሁለት። ትምህርቱን ከጀመረች ብዙ ያልቆየችው ልብስ ሰፊዋ ሦስት። አራተኛዋ ሞዴሏ ናት፤ በወጣትነቷ ትጨፍር የነበረች፣ አሁን ግን ቆማ ስትሣል ትንፋሿ እንኳ የማይታይ በመሆኑ «ሐውልት» የምትባል ሴት። በየሳምንቱ ይሰባሰባሉ፤ መጀመሪያ እየተቻኮሉ ፈጣን ንድፎች፣ ከዚያ አንድ ረጅም አቋቋም። መምህሩ «እረፍት!» ሲል ሐውልት ከመድረኩ ትወርዳለች። ዛሬ ግን «እረፍት» የሚል ጠፋ። ሐውልት ክንዷን እንደሰቀለች ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፣ በመጨረሻ ጉልበቷ ከድቷት መድረኩ ላይ ተቀመጠች። መምህሩን መፈለግ የጀመሩት ያኔ ነው።

መርፌ ከልብስ ሰፊዋ ጀመረች።

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«እኔማ እዚህ ፊት ለፊት፣ የኔ እመቤት። ዶክተሩ ከመጋረጃው በስተቀኝ፣ ድርቡ በስተግራ፤ በእኔና በእነሱ መሀል ሐውልት ከነመድረኳ። ሁለቱንም ሰሌዳቸው ውጧቸው ነበር። ደግሞስ ማን ማንን ያያል? ዓይንሽ ከሞዴሏ ላይ ከተነቀለ ጋሼ በከሰል ይወረውሩሻል፣ ነፍሳቸውን ይማረውና።»

«ሲወድቅ አልሰሙም?»

«መጋዙ እየጮኸ? እንኳን ሰው ሰማይ ቢወድቅ አይሰማም!»

«የተቀመጡበት ወረቀት ሥዕልዎ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ተሽኮረመመች። «ኧረ ተዪኝ፣ አበላሽቼዋለሁ። እስኪ አሁን ሁለት ዳሌ ያላት ሴት የት አለች? እንዲህ አድርጌ ቀሚስ ብሰፋማ በሬን እዘጋ ነበር።»

መርፌ ወረቀቱን አየችና መለሰችላት። ወደ ሐኪሙ ሰሌዳ ሄደች። ፖሊሱ ተከትሏት በአድናቆት ምላሱን አጮኸ።

«ይሄ ነው ሥዕል! አንድ መስመር፣ አንድ ቦታ። ይህን የሠራ እጅ ሰው ገፍቶ አልመጣም። የድርቡን ደግሞ ይመልከቱልኝ፤ ዳሌው ሁለት፣ ክንዱ እንደ መቶ እግር! ሲንቀጠቀጥ የነበረ እጅ ነው።»

«አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ዶክተር፣» አለች መርፌ። «ሞዴሏ በመሀል ተነቃንቃ ነበር?»

«ሐውልት?» ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ሐውልት አትነቃነቅም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቀልኩም። የፀጉር ያህል ንቅንቅ አላለችም።»

«ተነቃንቃለች!» አለ ድርቡ ከበርጩማው። «ክብደቷ ቀኝ እግሯ ላይ ነበር። በኋላ ወደ ግራ ዞረ። አይቻለሁ!»

«ወንድሜ፣ ጋሼ ጠዋት ምን አሉህ?» አለው ሐኪሙ። «ዓይንህን...»

«እትዬ፣» ድርቡ ወደ ሐውልት ዞረ፣ «ንገሪያቸው እንጂ!»

ሐውልት የተጎናጸፈችውን ጋቢ ወደ አንገቷ ሳበች። ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። «አልተነቃነቅኩም፣» አለች።

ድርቡ የዚህን ጊዜ በእውነት ታሰረ። ካቴናን ሰው ይፈታዋል፤ ዓይኑን ማመን ያቃተውን ሰው ማን ይፈታዋል? እውነት ተነቃንቃ ነበር? ወይስ እንደ ልማዱ ደረበ? ልብስ ሰፊዋ አየሁ አላለችም፤ ሐኪሙ አላየም፤ ራሷ አልተነቃነቅኩም አለች። ምናልባት አጎቱ ልክ ነበር። ምናልባት ራሱ ተነስቶ፣ ራሱ ገፍቶት... ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ክፍል ውስጥ ትንሽ ከቆየ ያልሠራውን ሠርቻለሁ ሊል ነው።

«እንሂድ በቃ፣» አለ ፖሊሱ፣ ክንዱን ይዞ።

«መኪናው ትንሽ ይቁም፤ አይርበውም፣» አለች መርፌ።

ከመጋረጃው ጀርባ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። መጠቅለያው አንዴ ተፈትቶ ተመልሶ የታሰረ ነው። «ይህስ?»

«የእኔ ነው፣» አለ ሐኪሙ ፈጠን ብሎ። «ኤግዚቢሽን ላይ አንደኛ የወጣው። ትናንት ነው እዚህ የተመለሰው።»

መርፌ አልፈታችውም። ከግድግዳው ጋር አስደግፋ፣ «ሁላችሁም በየቦታችሁ፣» አለች። «ድርቡም ከነካቴናው። እርስዎ፣ እባክዎ፣ መድረኩ ላይ ይውጡልኝ።»

ሐውልት ወጣች። የእግሯ ቅርጽ በጠመኔ ተከቦ መድረኩ ላይ አለ። እዚያ ላይ ቆመች፤ ክብደቷን በቀኝ እግሯ ጣለች፣ ክንዷን ሰቀለች። መጋዙ ጮኸ። ሁሉም ያያታል። መጋዙ ዝም አለ።

ከጀርባዋ፣ መጋረጃው ውስጥ፣ መቀርቀሪያው ሲጥ አለ።

ሐውልት ደነገጠች። ዳሌዋ ዘሎ ወደ ግራ ሄደ፣ እዚያው ረጋ።

ልብስ ሰፊዋ አፏን ያዘች። «በስመ አብ! ተነቃነቀች!»

መርፌ ከመጋረጃው ወጣች። «ጠዋትም እንዲሁ ነበር። አይደለም፣ እናቴ?»

ሐውልት ክንዷን አላወረደችም። እንባዋ ግን ወረደ። «ጋሼ ተመልሰው የገቡ መሰለኝ። እግሬ ደንዝዞ ነበር፤ ሳላስበው ሸሸ። ሐውልት ተነቃነቀች ከተባለ ማን ይቀጥረኛል? ድምፁን ሰማሁ ካልኩ መነቃነቄንም ልናገር ነው። ይህን ብዬ... ዋሸሁ።» ወደ ድርቡ ማየት አልቻለችም። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

«እንግዲህ ስሙኝ፣» አለች መርፌ። «ገዳዩ መምህሩን ሲገፋ መጋዙ ይጮህ ነበር። መጋዙ ሲያቆም መቀርቀሪያውን ዘጋ። ድምፁን ልብ ያለችው የመምህሩን መመለስ ስትጠብቅ የነበረችው ሞዴሏ ብቻ ናት፤ ደንግጣ ክብደቷን ወደ ሌላ እግሯ አዞረች። በዚያች ቅጽበት ዓይኑ እሷ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ለውጡን አየ፤ አይቶም ሣለው። ላጲስ ስለሌለ ደግሞ የፊተኛው መስመር አልጠፋም። ልብስ ሰፊዋ ከፊት ሆነው ሁለት ዳሌ ሣሉ፤ የተሳሳቱ መሰላቸው። ድርቡ ከኋላ ሆኖ ሁለት ዳሌ ሣለ። በሁለቱም ላይ የበፊቱ በቀኝ እግሯ በኩል ነው፣ የኋለኛው በግራ እግሯ። ተመካክረዋል እንዳንል እሳቸው የራሳቸውን ደብቀው ተቀምጠውበት ነበር። አንድ ዳሌ ብቻ የሣለ አንድ ሰው አለ።»

ዓይን ሁሉ ወደ ንጹሑ ሥዕል ዞረ።

«ዳሌውን አስቀድሜ ጨርሼው ቢሆንስ?» አለ ሐኪሙ። «ያለቀ መስመር አልነካም!»

«እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ስጠይቅዎ ‹ተነቃንቃለች፣ እኔ ግን አልቀየርኩም› ይሉኝ ነበር። እርስዎ ግን የፀጉር ያህል አልተነቃነቀችም አሉ፤ ዓይኔን አልነቀልኩም ብለው ማሉልኝ። ስትነቃነቅ እጅዎ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ተመልሰው ሲቀመጡም ቀና ብለው አላዩአትም፤ የቀረውን በቃልዎ ጨረሱት። ሰው መግደል አላቃተዎትም፣ ዶክተር። ከዚያ በኋላ ሰው ማየት ነው ያቃተዎት።»

ጎንበስ ብላ ጥቅሉን ፈታችው። ከክፈፉ መስተዋት ሥር አንዲት ተቀምጣ የምትነሳ ሴት ነበረች፤ መስመር በመስመር ላይ ተደርቦ፣ ልትነሳ ስትል፣ ስትነሳ፣ ተነስታ። ወረቀቱ ተጨማዶ በካውያ የተተኮሰ ነው፤ የጭምዳዱ ፈለግ ከሴትየዋ ፊት ላይ አልጠፋም።

ድርቡ በርጩማውን ገልብጦ ተነሳ። «ይቺማ የእኔ ናት! ጨምድጄ ቅርጫት ውስጥ የጣልኳት!»

«መምህሩም አይቶ አወቃት፤ መጠቅለያውን የፈታው እሱ ነው፣» አለች መርፌ። «ወይስ ተሳሳትኩ?»

የጥርስ ሐኪሙ ነጭ መሐረቡን አወጣ፤ ምን እንደሚያደርግበት ጠፍቶት መልሶ ከተተው። «ትምህርቱ ሲያበቃ ራስህ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ አለኝ። እየለመንኩት ጀርባውን ሰጠኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሳላቋርጥ ስመጣ አንድ ቀን ‹ጥሩ› ብሎኝ አያውቅም! ቅርጫት ውስጥ ስለጣለው ግን...» ድርቡን በጥላቻ አየው። «ካስተማርኩት ሁሉ ይበልጣል አለኝ። በፊቱ የማልናገረው እንዳይኮራብኝ ነው አለኝ። ያንን እያለ ሲጋራውን ለኮሰ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ፈትቶ ከድርቡ እጅ ወደ ሐኪሙ እጅ አሻገረው። እግሮች ደረጃውን ወረዱ፤ ከታች የመኪና በር ተዘጋ። ልብስ ሰፊዋ የራሷን ወረቀት ከበርጩማው ላይ አንስታ በመሐረብ እንደሚያዝ ዳቦ በሁለት እጇ ያዘችው።

ድርቡ የእጅ አንጓውን እያሻሸ ሥዕሉ ፊት ቆመ። «እንዳይኮራብኝ፣» አለ ለብቻው። «አንተ ሽማግሌ!» መሳቅ ፈልጎ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

መርፌ በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። «ለምስክርነት እንጠራሃለን፣» አለችው። «ትበቃለህ።»

ያኔ ነው ድርቡ ቀና ብሎ ያየው። ሐውልት አሁንም መድረኩ ላይ ናት። ክንዷ እንደተሰቀለ ይንቀጠቀጣል፤ ክብደቷ ግራ እግሯ ላይ ነው። ውረጂ ያላት የለም። ማን ይበላት? ያንን ቃል በዚህ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሰው በቀር ማንም ተናግሮት አያውቅም።

ድርቡ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እረፍት፣ እትዬ!» አለ። «እረፍት።»