ላስቲኩ የተጠየቀ ቀን

ከምነግራችሁ ውስጥ ግማሽ ቃል ብዋሽ፣ ሱቄ ውስጥ ያለው ድምፅ ማጉያ ሁሉ ዲዳ ይሁን! የእህቴ ልጅ፣ ቤት ውስጥ «ቆንጥር» የምንላት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ መርጠን ፓርላማ ያስገባነውን ሰውዬ በሕዝብ ፊት አፉን አስይዛዋለች።

ስብሰባው በትምህርት ቤታቸው አዳራሽ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን የተከልኩት እኔ ነኝ። አምስት ሺህ ሰው፤ መስኮት ላይ የተንጠለጠለውን ሳልቆጥር። ሰውዬውን ሰፈሩ «ላስቲኩ» ይለዋል፤ የሳበው ሁሉ ይለጥጠዋላ። ባለፈው ወር እሱና መሰሎቹ እጃቸውን አውጥተው የራሳቸውን የሥነ ምግባር ደንብ «አሻሻሉ»። ድሮ ከባለጉዳይ ስጦታ የተቀበለ የምክር ቤት አባል ይመረመር ነበር። አሁን የሚመረመረው ራሱ «መርምሩኝ» ብሎ ከፈረመ ብቻ ነው። ማሻሻል መሆኑ ነው! ጣሪያውን አፍርሶ «ቤቱን አናፈስኩላችሁ» እንደሚል አናጢ።

ከስብሰባው በፊት ርዕሰ መምህሩ ቆንጥርን ቢሮ ጠርቶ ቁራጭ ወረቀት ሰጣት። እነላስቲኩ ሲመጡ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ጥያቄው አስቀድሞ ተጽፎ ይታደላል፣ ጠያቂው ማንበብ ብቻ። «ክቡርነትዎ ለወጣቱ ላደረጉት ሁሉ እያመሰገንን፣ ቀጣይ እቅድዎን ቢነግሩን» ይላል።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ጥያቄ አይደለም» አለች።

«አንብቢው። ከተጻፈው ከወጣሽ ከክርክር ቡድኑም ወጣሽ። ተናጋሪ ሞልቷል።»

ሁለት ዓመት የለፋችበት ቡድን ነው፤ ለውድድሩ የቀሩት ሁለት ሳምንታት ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ወረቀቱ እጇ ላይ በላብ ራሰ። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ «በናትሽ አንብቢና ተገላገይ! ሼም ነው እንጂ አይገድልሽም» አለቻት።

ተራዋ ደረሰ። ማይኩን ጨበጠች። ርዕሰ መምህሩ ከፊት ረድፍ ዞሮ ያያታል። ወረቀቱን ኪሷ ከተተችው!

«ክቡር የምክር ቤት አባል፣ ደንቡ ሲላላ እጅዎን አውጥተዋል ወይስ አላወጡም? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። ቀዳጁ እርስዎ ነዎት?»

አዳራሹ ነጎደ። የላስቲኩ ላብ በባልዲ ቢቀዳ አያልቅም። «እሱ... ቴክኒካል ጉዳይ ነው...» እያለ ሲንተባተብ እኔ ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቅኩት፤ መንተባተቡ ሦስት ከተማ ተሻግሮ ተሰማ። ከዚያማ ኮቱን ጥሎ በጓሮ በር እግሬ አውጪኝ አለ!

ይህን ትናንት ጥገና ሱቄ ውስጥ ለሁለት ደንበኞች ሳወራ ነበር።

«ኮቱንስ ማን አነሳለት?» አለችኝ ሬዲዮዋን ልትወስድ የመጣችው ጎረቤቴ፣ ሳቋን እየታገለች።

ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ የምትጽፈው ቆንጥር ቀና ሳትል፣

«አጎቴ፣ አንተ እኮ ውጭ ገመድ ስትቀጥል ነበርክ» አለች።

ሁለቱም ዞሩ።

«ስልሳ ወንበር ነበር፤ ግማሹ ባዶ። እኔም ምንም አልጠየቅኩትም። የሰጡኝን ወረቀት አነበብኩ። ሰውዬው አጨበጨበልኝ፤ "ጎበዝ ልጅ" አለኝ።»

ጎረቤቴ ሬዲዮዋን አነሳች፤ ግን አልወጣችም።

«ሰውዬው ማክሰኞ ማክሰኞ ቢሮው ባለጉዳይ ይቀበላል» አለች ቆንጥር። ጥያቄዋን የጻፈችበትን ገጽ ከደብተሩ በጥንቃቄ ገነጠለችው። ከላይ ሙሉ ስሟና ክፍሏ ተጽፏል። «ነገ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።»

«የክርክር ቡድኑስ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ሄጄ እንደምጠይቀው ለቲቸር ዛሬ ጠዋት ነግሬዋለሁ» አለችና ቦርሳዋን አነገተች።