ከምንጣፉ ዳር የተቀመጠው ጫማ

የቴነክሊፍ ኮሌጅ የስፖርት ኃላፊ ኖርበርት ሄቨርካምፕ የትግል ቡድኑን እንደሚዘጋ ባወጀ በሳምንቱ ሞተ። ሬሳው የተገኘውም እዚያው ትግል ክፍል ውስጥ፣ ምንጣፉ መሐል ላይ ነው። በጀርባው ተንጋሏል፤ ከረባቱ አልላላም፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈንክቷል። ጥቁር ጫማው ግን ከእግሩ ወልቆ፣ ከምንጣፉ ዳር ጎን ለጎን ተስተካክሎ ተቀምጧል፤ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም የገባ ሰው ያወለቀው ይመስላል።

መርማሪ ዶሪን ማብሪ በረዶውን ከቦት ጫማዋ ላይ አራግፋ ገባች። ክፍሉ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ታጋዮቹ ላብ እንዲወርዳቸው ማሞቂያውን እስከ ጥግ ነው የሚከፍቱት። አንድ እግሯን ምንጣፉ ላይ ከማሳረፏ፣

«ጫማ!» የሚል ድምፅ ከኋላዋ አንባረቀ።

ዘወር አለች። አጭርና ደንዳና ሰው ቆሟል፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ እንደ ደረቀ እንጉዳይ ተኮማትረዋል። ሬሳውን ጠዋት ምንጣፍ ሊወለውል ሲገባ ያገኘው የትግል አሰልጣኙ ዱዋይት ኮስተልኒክ ነው። በገዛ ድምፁ አፍሮ ፊቱ ቀላ።

«ይቅርታ፣ እሜቴ። ሰው ሞቶ እኔ ስለ ጫማ አወራለሁ። አፌ ለምዶ ነው። ልጆቹ ፊታቸውን እዚህ ላይ ሲፈትጉ ነው የሚውሉት፤ የውጭ ጫማ ከረገጠው ቆዳቸው ይቆስላል።»

«ሁሉም ያወልቃል?»

«ምንጣፍ ላይ ያደገ ሰው ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን ያወልቃል።»

«ጆሮዎትም ከምንጣፉ ነው?»

«ማኅተማችን ነው። ሲፈተግ ደም ይቋጥርና እንዲህ ሆኖ ይደርቃል። አንዴ ከያዘ እስከ መቃብር ነው።»

«ሟቹስ ጫማውን ያወልቅ ነበር?»

ኮስተልኒክ ሬሳውን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «እሱማ የት አውልቆ። ያን ቀን "ትግል ይዘጋል" ብሎ ለልጆቹ የነገራቸው እዚሁ መሐል ላይ፣ በጫማው ቆሞ ነው። ከመዘጋቱ ይልቅ ያ ነው ያንገበገባቸው። እኔም "ሁለተኛ በጫማ ብትገባ በቃሬዛ ነው የምትወጣው" አልኩት። ኮሌጁ በሙሉ ሰምቷል። እንግዲህ ካቴናውን ያውጡት።»

«ምን አስቸኮለዎት?»

«እኔማ ልታሰር፤ ግድ የለኝም። ዓርብ ግን የኮሌጁ ቦርድ ቡድኑ ይዘጋ አይዘጋ ብሎ ድምፅ ይሰጣል። ነፍሰ ገዳይ ያሠለጠነውን ቡድን ማን ይደግፋል? ግማሾቹ ልጆች እኮ ያለ ትግል የኮሌጅ ደጃፍ አይረግጡም ነበር።»

ማብሪ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከጭንቅላቱ ሥር የወጣው ደም የሳንቲም ያህል ነው። ይህን ያህል የተፈነከተ ራስ ምንጣፉን ማጥለቅለቅ ነበረበት። ከዚያ ጫማውን አየች፤ ማሰሪያው አልተጎተተም፣ አልተበጠሰም። ጊዜ ወስዶ በእርጋታ የፈታው እጅ አለ።

የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ማርጎት ቶርሰን ሐዘኗን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሳ ወደ በጀት ገባች። ከመስኮቷ ባሻገር የእግር ኳስ ሜዳው አዲስ የውጤት ሰሌዳ ተገትሯል። ኳሱ በእጅ የሚያዝበት የአሜሪካኖቹ ጨዋታ ስለሆነ፣ ስሙ እግር ኳስ ይሁን እንጂ እግር ብዙም አይገባበትም፤ የቴነክሊፍ ቡድን ሲጫወተው ደግሞ እጅም አይገባበትም። ሰሌዳው ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ይበልጣል፤ ከተተከለ ወዲህ ግን የባለቤቱን ድል አሳይቶ አያውቅም።

«ኮስተልኒክ ነው የገደለው» አለች ቶርሰን። «ሁሉም ያውቃል።»

«ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እፈራለሁ። ሟቹ ጤናው እንዴት ነበር?»

«ጀርባውን ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ ጎንበስ ማለት አይችልም። ጫማውን እንኳ የምታስርለት ሚስቱ ናት። እስክሪብቶ ሲወድቅበት እኔ፣ ፕሬዚዳንቷ፣ ነበርኩ የማነሳለት።»

«ትናንት አነጋግሮዎታል?»

«ደውሎ "ሐሳቤን ቀይሬያለሁ" ብሎኛል።»

«ስለ ምኑ?»

ቶርሰን ዓይኗ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሰሌዳው ሸሸ። «ያን አላብራራልኝም።»

የእግር ኳስ አሰልጣኙ ብሬንት ላሲተር ቢሮ ከትግል ክፍሉ ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ደረጃ ብቻ ነው የሚለያቸው። ላሲተር ግዙፍ፣ ሳቂታ ሰው ነው። የቡድኑን የሱፍ ኮፍያ እስከ ቅንድቡ፣ እስከ ጆሮው ግርጌ ደፍቶታል።

«ነይ እህቴ፣ ግቢ። ቡና ልቅዳልሽ? እንደ ቡድናችን ነው፤ መራራና ቀዝቃዛ።»

«ይቅርብኝ። ትግል ክፍሉን ታውቀዋለህ?»

«እኔ? በሩ በየት እንደሆነም አላውቅ። ሁለት ወንዶች በጠባብ ልብስ ሲተቃቀፉ ማየት አልወድም።»

«ልጅ ሆነህም አልታገልክም?»

«ኧረ በጭራሽ። ከእናቴ ሆድ ኳስ ይዤ ነው የወጣሁት።»

ማሞቂያው ያፏጫል። ላቡ ከኮፍያው ሥር እየወጣ በጉንጩ ይወርዳል።

«ኮፍያህን ብታወልቀው ይሻልህ ነበር» አለች ማብሪ።

«ስለት ነው። ቡድኔ እስኪያሸንፍ አላወልቅም።»

«እንግዲያ ትቀበርበታለህ።»

ላሲተር ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። ማብሪ ስትወጣ ደረጃው ላይ ቆመች። የታችኛው የሲሚንቶ እርከን ከሌሎቹ ነጥቶ ይታያል፤ የምንጣፍ መወልወያ መድኃኒትም ይሸታል። ማንም የማይታገልበት ደረጃ በምንጣፍ መድኃኒት ታጥቧል።

በማግሥቱ፣ ሬሳው ተነሥቶ ባለሙያዎቹም ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ ማብሪ ሦስቱንም ትግል ክፍል አስጠራቻቸው። እሷ ቀድማ በቦት ጫማዋ ምንጣፉ መሐል ቆማለች።

«ኑ፣ ወደዚህ ቅረቡ።»

ቶርሰን ተረከዟ ምንጣፉን እየወጋው ሰተት ብላ መጣች። ኮስተልኒክ ጥርሱን ነክሶ ጫማውን አወለቀ። ከኋላው ይመጣ የነበረው ላሲተር ምንጣፉ ዳር ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎንበስ አለ። እጁ ማሰሪያውን ይዞ አንድ ዙር ከፈታው በኋላ ነው የሚያደርገውን ያወቀው። እንደጎነበሰ ደርቆ ቀረ።

«ምን ሆንክ፣ ኮች?» አለች ማብሪ።

«ጫማዬ በረዶ ይዟል ብዬ ነው።»

«የፕሬዚዳንቷም ይዟል። ግድ የለም፣ ጨርሰውና ና።»

ላሲተር በካልሲው መጣ።

«ከጫማው እንነሣ» አለች ማብሪ። «ሟቹ ማጎንበስ አይችልም፤ ቢችልም እዚህ ጫማውን ለማውለቅ የሚደክም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሌላ ሰው ነው ያወለቀለት። ደሙ ደግሞ እዚህ አልፈሰሰም። ሌላ ቦታ ሞቶ ተሸክመው አመጡት። ለምን እዚህ? ኮስተልኒክ በሰው ፊት ዝቶበታላ። እሱ ቢገድለው ኖሮ ሬሳውን ጫካ ይጥለው ነበር እንጂ አምጥቶ ሳሎኑ ውስጥ አያስተኛውም።»

«ሰው ለመወንጀል የመጣ ሰው ለሬሳ ጫማ ምን አስጨነቀው?» አለች ቶርሰን።

«እኔንም ያላስተኛኝ እሱ ነው። ሐሳቡ የዚህ ክፍል ጠላት ነው፤ እጁ ግን የዚህ ክፍል ልጅ ነው። ሬሳ ተሸክሞ፣ ነፍሱ በፍርሃት ተይዛ፣ ምንጣፉን በጫማ ማስረገጥ አልሆነለትም። አመል ያወጣል ከመሐል። ላሲተር፣ ኮፍያህን።»

ላሲተር አወለቀው። የግራ ጆሮው ተጨማድዶ እንደ ደረቀ እንጉዳይ ሆኗል።

ኮስተልኒክ ጠጋ ብሎ ጆሮውን አየው። «የት ነው የታገልከው?»

«ከወንዙ ማዶ፣ ሁለተኛ ደረጃ። አሰልጣኙ አባቴ ነበር። በጫማ ከረገጥኩ በቀበቶ ነበር የሚለኝ።»

ማብሪ ወደ ቶርሰን ዞረች። «ሟቹ ሐሳቡን የቀየረው ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቅዎት ሰሌዳውን አዩ።»

ቶርሰን አንገቷን ደፋች። «ትግሉን ትተን እግር ኳሱን እንዝጋ አለኝ። "የእግር ኳሱ ሰዎች ለራስ ቁር ብቻ የሚያወጡት ገንዘብ ትግሉን ያኖረዋል" አለ።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለኮች ላሲተር ብቻ። ሳይዘጋጅ እንዳይደርስበት ብዬ።»

«ደረጃው ላይ ጠብቄ ለመንኩት» አለ ላሲተር፤ ድምፁ ሰልሏል። «በቃ ጨርሻለሁ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ የኮስተልኒክ ዛቻ ትዝ አለኝ። ጫማውን ማውለቄን ግን አሁን አንቺ ስትነግሪኝ ነው ያወቅኩት።»

ውጭ ይጠብቁ የነበሩ ፖሊሶች ገብተው እጁን ወደኋላ አስረው ወደ በሩ ወሰዱት። ምንጣፉ ዳር ሲደርስ ጫማውን አየ፤ የታሰሩ እጆቹን ግን ወደ ፊት ማምጣት አልቻለም። ኮስተልኒክ ሄዶ ከፊቱ ተንበረከከ፤ አንድ በአንድ አጠለቀለትና ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጠረ።

«እንዳያደናቅፍህ» አለው።

ቶርሰን ስልኳ ጠርቷት ወጥታ ነበር። ስትመለስ ፊቷ ቢሮዋ ውስጥ ስለ በጀት ስታወራ እንደነበረው ሆኗል።

«ቦርዱ ዓርብን አልጠበቀም። እግር ኳሱ ተማሪ ስለሚያመጣ ይቀጥላል፤ አሰልጣኝ እንፈልጋለን። ትግሉ ግን... ሬሳ የተገኘበት ክፍል ለኮሌጁ ስም አይበጅም።»

«ሬሳውን ያመጣው እኮ የእግር ኳሱ አሰልጣኝ ነው» አለች ማብሪ።

«መግለጫው ላይ እሱን አናነሣም» ብላ ቶርሰን ምንጣፉን አቋርጣ ወጣች።

ኮስተልኒክ ባልዲና መወልወያ አምጥቶ ከጥጉ ጀመረ፤ ወደኋላ እየሄደ፣ መስመር በመስመር።

«ነገ ልምምድ አለ?» አለችው ማብሪ።

«የለም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«በጫማ ገብታችሁበታል» አለ፣ ቀና ሳይል።

ማብሪ ቁልቁል እግሯን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ማሰሪያዋን መፍታት ጀመረች።