የአባቷ ማሳ አፈር

ሚጣ ክቡን ሳህን ከነክዳኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ መስኮት አነሳችው። የሰፈራቸውን ዶሮ አርቢ በትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ላይ የምታዋርድበት ቀን ደርሷል።

ሰውየው አምና በሰፈር ስብሰባ ላይ አባቷን «የጫጩት ሌባ» ብሏቸዋል። ጫጩቶቹ በማግስቱ ከራሱ መጋዘን ተገኙ፤ ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም። አባቷ «ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ» ብለው ተዉት። ሚጣ ግን ለማንም አልሰጠችም። ቂሟን እንደ እርሾ ሸፍና አቆየችው።

ሰውየው ለዶሮዎቹ ታመሙም አልታመሙ መድኃኒት በውሃ ይበጠብጣል። መምህሯ እንዳሉት መድኃኒቱ በኩሳቸው በኩል አፈር ውስጥ ሲገባ፣ በዓይን የማይታዩት ተዋሲያን ይለምዱታል፤ ኋላ ሰው ሲታመም መድኃኒቱ ላይበግራቸው ይችላል። ሚጣም ከሰውየው ጓሮና ከአባቷ ማሳ አፈር ዘግና ተዋሲያኑን በሁለት ሳህን አሳደገች፤ በየሳህኑ መሃል መድኃኒት የነካት ወረቀት አኖረች። መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቷ ዙሪያ ንጹሕ ቀለበት ይታያል፤ ከለመዱት ግን አይታይም።

የሰውየው ሳህን ሰፊ ቀለበት ሠርቷል። የአባቷ ላይ ግን ተዋሲያኑ እስከ ወረቀቷ ጫፍ ተንሰራፍተዋል።

«አፈሩን አምታተሽው እንዳይሆን» አለ የቡድን ጓደኛዋ ቀጮ።

«በገዛ እጄ ነው የዘገንኩት!»

ወዲያው ገባት። ሰውየው ለራሱ ጓሮ የሚያደርገውን ኩስ ከምሮ፣ እያገላበጠ፣ ስድስት ወር ያብላላዋል፤ ሙቀቱም መድኃኒቱን የለመዱትን ተዋሲያን ያመነምናቸዋል። አባቷ ግን ዝናቡ እንዳይቀድማቸው ትኩሱን ከሰውየው ዶሮ ቤት በጆንያ ወስደው በትነዋል። የጆንያውን አፍ የያዘችው እሷ ነበረች።

ቀጮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ችግር አለው? ሳህኖቹ ላይ የተለጠፈውን ስም አቀያይሪዋ። ጭጭ ነው! ማን ያያል?»

ሚጣ ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ጠርዝ በጥፍሯ ላጥ አደረገች። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ታያት። ጣፈጣት። ቀጥሎ አባቷ ታዩአት፤ በዚያ ስብሰባ ላይ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው፣ ባልሠሩት ሥራ ሲቅለሰለሱ።

ወረቀቱን በአውራ ጣቷ መልሳ ተጫነችው። ባዶ ሳህን አነሳችና «ትኩስ ኩስ፣ ከዶሮ ቤቱ» ብላ ጻፈችበት።

«አንቺ ልጅ፣ ሰውየውን አትለቂውም ማለት ነው?»

«ማን ይለቀዋል!» አለች ንጹሕ ማንኪያ በወረቀት እየጠቀለለች። «ግን መጀመሪያ አባዬ ጋ ነው የምሄደው። የማሳችንን ነገር ከእኔ አፍ ይስሙት።»