ሰባተኛው ዶልፊን

ጋሽ ጥሩሰው ስቶን ማውንቴን ከተማ ባለው ቤታቸው፣ ከወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ባዶ የሸክላ ዋንጫ ጭናቸው ላይ አለ፤ ትራስ እግራቸው ሥር ወድቋል። ሐኪሙ ታፍነው ነው የሞቱት አለ። ሰማንያ ዓመት ኖሮ እንዲህ መሞት!

መርማሪ ሳህሌ ጎንበስ ብሎ አያቸው። አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ጥንድ ጫማ። የገዛ ቤቱን ያየ መሰለው። የሟቹ ቀኝ አመልካች ጣት በወይን ጠጅ ቀልቷል።

«እሷ ናት!» አለ የወንድማቸው ልጅ ፀጋአብ፣ ተንከባካቢያቸውን ሶፍያን እየጠቆመ። «የቀዳችላቸው እሷ፣ ቁልፍ ያላት እሷ! እኔ ከሮዝዌል ከተማ ዘጠኝ ሰዓት ስደርስ ሞተው ነው ያገኘኋቸው።»

ሁለት ፖሊሶች ሶፍያን ሊወስዷት በር ላይ ቆመዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሳህሌ ግን የሚያድርበት ጊዜ አልነበረውም።

«እህቴ፣ ይቺ ዋንጫ ምንድን ናት?»

«የጥንት ግሪኮች የወይን መጠጫ ናት» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ወለሏ ላይ ዲዮኒሶስ የሚሉት የወይን አምላክ መርከብ ላይ ተንጋሎ ተስሏል። የባሕር ሌቦች አግተውት ነበር አሉ። ምሰሶው ላይ የወይን ሐረግ ሲበቅልባቸው ደንግጠው ባሕር ገቡ፤ ዶልፊን ሆነው ቀሩ። ጋሼ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ፣ ጠጥተው ሲጨርሱ ሌቦቹን በጣታቸው ዳብሰው ይቆጥራሉ። ሥዕሉ የተጫረ ስለሆነ ለጣት ይሰማል። ሳይቆጥሩ እንግዳ ሲነሳ ቅር ይላቸዋል። ዛሬ ግን ኖርክሮስ ባለው ሌላ ሥራዬ ሺፍት ስለነበረኝ ቀድቼላቸው ወጣሁ። ጋሽ ስምዖን አብረዋቸው ነበሩ።»

ስምዖን ሸክላ ጠጋኝ ነው፤ የሃያ ዓመት ወዳጃቸው። እጀታዋ የተሰበረውን ዋንጫ ጠግኖ ያመጣው ዛሬ ነው።

«እኔ በደህና ነው የተለየኋቸው» አለ ስምዖን ተጠርቶ ሲመጣ። «ጠጡ፣ እንደ ልማዳቸው ስድስቱን ዶልፊኖች ቆጠሩ፣ ስቀው ሸኙኝ።»

ሳህሌ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዋንጫዋን ፎቶ ትኩር ብሎ አየ። ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ሶፍያ፣ ዶልፊኖቹ ስንት ናቸው?»

«ሰባት።»

«ፀጋአብ?»

«እኔ እንጃ… አምስት ደቂቃ ብቅ ብዬ ነው የምሄደው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሳህሌ በስልኩ መብራት የዋንጫዋን ወለል አሳያቸው። «እዚህ ያሉት ስድስት ናቸው። ይቺ የጋሽ ጥሩሰው ዋንጫ አይደለችም። ፎቶውን እዩት፤ የካሜራው ፍላሽ ብርሃን አንዱን ዶልፊን ውጦታል። ጋሽ ስምዖን፣ ለጥገና የወሰዷትን እውነተኛዋን ሸጠው ይቺን ከፎቶው ላይ አስመስለው ሠሩ። ጋሽ ጥሩሰው ጠጥተው ጨረሱ፤ ቆጠሩም። ጣታቸው የቀላው ለዚህ ነው። አንድ ጎደለ። ሰባት የለመደ ሰው ስድስት ቆጥሮ አይስቅም። ‹ልማዳቸው ስድስት ነው› ሊል የሚችለው ይቺን የሠራ ሰው ብቻ ነው። ሲነቃብዎት ትራሱን አነሱ።»

ስምዖን ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «‹ይቺ የኔ አይደለችም› አሉኝ። በምን እንዳወቁ እስካሁን አልገባኝም ነበር።»

«በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጠጥተው እስኪጨርሱ ቢቀመጡላቸው ኖሮ ቁጥሩን ያውቁት ነበር» አለ ሳህሌ።

ፖሊሶቹ ስምዖንን ይዘው ሄዱ። ፀጋአብም ተከትሎ ወጣ። ሶፍያ ግን ነጻ መሆኗ ተነግሯት እንኳ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«‹ትንሽ ቆዪ ልጄ፣ ልጨርስ ነው› ብለውኝ ነበር» አለች። «ረፈደብኝ ብዬ ወጣሁ።»

ሳህሌ የመኪናውን ቁልፍ መልሶ ኪሱ ከተተና ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።