ጥፍር የምታህል መስኮት

በከተማዋ ብርድ የሚታደለው ጠዋት ጠዋት ነው፤ ከላይኛው ሰፈር ተጀምሮ ወደ ታች። ከጨው ሜዳው ሥር በተቆፈረችው በዚህች ከተማ ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደራችሁ» ከማለቱ በፊት «ብርዱ ደረሳችሁ?» ይላል። እያንዳንዱን ቤት የሚያቀዘቅዘው የኮድ መስመር ነው። መስመሩን የሚጽፉት ሠራተኞች ብርድ አዳዮች ይባላሉ።

ትርሲት ብርድ አታድልም፤ አዳዮቹ የሚጽፉበትን ገበታ ነው የምትነድፈው። ስሟን ያስጠራው ቅምሻ ነው። ወጥ ሳይወጣ እንደሚቀመስ ሁሉ፣ አንድ መስመር ከመታዘዙ በፊት ምን እንደሚያስከትል የምታሳይ መስኮት ናት። ድሮ ቅምሻ የገበታውን እኩሌታ ትይዝ ነበር። መስመሩ የሚነካቸውን ክፍሎችና በውስጣቸው ያሉትን ሰዎች፣ ከትእዛዙ በኋላ እንደሚሆኑት አድርጋ ታሳያለች። አዳዮቹ «ቦታ አጣበበችብን» ብለው አቤት አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ትርሲት ግን ቃላቸውን አምና፣ ከመስመሩ ጫፍ የምትቀመጥ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ መስኮት ሠራችላቸው። ውጤቱ በአንዲት አጭር ሐረግ ይነበባል። ተጨበጨበላት።

ብዙም ሳይቆይ፣ ጨው በር በሚባለው የታችኛው ሰፈር አራት ሰዎች በሙቀት ሞቱ። ከታች ቀንሶ ለላይኛው ሰፈር ጥቂት ብርድ ለመጨመር ተብሎ የተጻፈ መስመር ነበር የጨረሳቸው፤ የጻፈውም ሁመድ የተባለ አዳይ ነው። ኃላፊው ኢንጂነር ፋንታሁን ትርሲትን ጠርተው «መስኮትሽ ሳታሳየው ቀርታ ይሆናል፤ ስህተቷን ፈልጊ» አሏት። ትርሲት የሁመድን መስመር፣ ሳታዝዘው፣ እንደገና ጻፈችው። ቅምሻ ሳትዛነፍ መለሰች፦ ጨው በር፣ አራት ሞት።

ሁመድን ገበታው ላይ እንደተቀመጠ አገኘችው። «ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ እንዲምልላት ነበር የፈለገችው።

«አይቼዋለሁ» አላት።

«አይተህ ነው ያዘዝከው?»

«ትንሽ ነበር፣ እህቴ። ጥግ ላይ ያለች ነገር። ትንሽ ነገር መሰለኝ።»

ልትቆጣው አፏን ስትከፍት ገበታው ቀይ ሆነ። ብርዱን ከሚገፉት ዋና ፓምፖች አንዱ ቆሟል፤ ሆስፒታሉ መሞቅ ጀምሯል። ሁመድ እጆቹን ብብቱ ሥር ቀበረ።

«እኔ ከእንግዲህ አልነካም» አለ።

ሌላ አዳይ እስኪመጣ ሆስፒታሉ አይጠብቅም። ትርሲት ወንበሩን ሳበች። የነበረው መንገድ የጨው በርን ብርድ ወደ ሆስፒታሉ ማዞር ብቻ ነው። ከጨው በር የሚያወጣው ሊፍትም የሚንቀሳቀሰው በዚያው ፓምፕ ግፊት ስለሆነ ከታች ሰው ማውጣት አይቻልም። መስመሩን ጻፈች። ትንሿ መስኮት «ጨው በር፣ አንድ ሞት» አለች። ትርሲት እንደ ሁመድ ላለመሆን መስኮቷን በድሮው ልኳ ከፈተቻት።

አንድ አዛውንት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያወልቃሉ። የሚገባ ሰው እንዳያደናቅፍ ይመስል፣ ጎን ለጎን አስተካክለው ከአልጋው ሥር አስገቡት። ከዚያ ጋደም አሉ። አልተነሡም።

ጣቷን ወደ ማዘዣው ብትልከው እምቢ አላት።

«ትርሲት፣ ሆስፒታሉ እየጋለ ነው» አለ ሁመድ።

«እያየሁት ነው።»

«አራስ ልጆች አሉበት።»

«እያየሁት ነው አልኩህ።»

የምታየው ግን ጫማውን ነበር። በመጨረሻ መስኮቷን መልሳ አጠበበቻት። አዛውንቱ ጠፉ፤ አጭሯ ሐረግ ብቻ ቀረች። ያኔ ጣቷ ታዘዘላት።

ፓምፑ ሲጠገን ከሁመድ ጋር ወደ ጨው በር ወረደች። ጎረቤቶች አዛውንቱን በጋቢ ሸፍነዋቸዋል። አቶ ሽብሩ ይባሉ እንደነበር ነገሯት። ጫማቸው መስኮቷ ባሳየችው ቦታ፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ትርሲት ማልቀስ ፈልጋ አፈረች።

ኢንጂነር ፋንታሁን ደጃፉ ላይ ደረሱባት። «እህስ፣ ስህተቷን አገኘሽ?»

«መስኮቷ ስህተት የለባትም። በልካችን ነው የሠራኋት።»

አልገባቸውም። «እናስፋት እንዴ?»

ሁመድ መሬት መሬት አየ። ትርሲት ሆስፒታሉን አሰበች፤ ተመልሳ ጫማውን አየች። ነገም ሌላ ፓምፕ ይቆማል፤ ነገም የአንድ ሰው ጣት መታዘዝ አለበት።

«እንደዚሁ ትቆይ» አለች፤ ድምፁ የራሷ አልመስል አላት።